የሰዓት ሠሪው መጨረሻ

ዳቦ ቤቱ በር ላይ ከፊቷ የተሰለፉት ሁለት ሴቶች ስለ ወንድሟ ሲያወሩ ሰማች። መጀመሪያ ያወሩት ስለ ዳቦው ነበር። ዳቦው በየወሩ ያንሳል፣ ዋጋው ግን ባለበት ቆሟል። አንድ ሽማግሌ ከኋላ ሆኖ፣ ሰዎቹ ዋጋ አልጨመርንም ብለው መማል ስለሚፈልጉ ነው ሲል ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ከዚያ አጭሯ ሴት ልጇ ትናንት ሲኒማ ገብታ እንደነበር አነሳች። ያየችው ያ በሬዲዮ ስለ ፊልም የሚያወራው ሰው ያጥላላውን ፊልም ነው። ስትመለስ እያለቀሰችም እየሳቀችም ነበር። ያለቀሰችው በፊልሙ ነው፣ የሳቀችው በሰውየው። ሰውየው ዓይኑ የጠፋው ሰዓት ሠሪ መጨረሻ ላይ ይድናል፣ ይህ ርካሽ ውሸት ነው ብሎ አገር ሲሰማ ተናግሯል። ፊልሙ ላይ ግን ማንም አይድንም።

ረጅሟ ሴት ተኝቶ ይሆናላ አለች። አጭሯ ራሷን ነቀነቀች። «መተኛትስ ደግ ነው። በልቷል ነው የሚባለው። የሌላ ፊልም ባለቤት አጉርሶት ነው።» ፊልሙን ለሠራችው ምስኪን ልጅ የመጀመሪያ ሥራዋ ነበር፣ ሰው ስለቀረባት ከነገ ጀምሮ ፊልሙን ያወርዱባታል ብላ ጨመረች። ረጅሟ ከንፈሯን መጠጠችና ዳቦው ትኩስ መሆኑን በጣቷ ተጭና አየች።

እህትየው ተራዋ ሲደርስ ዳቦዋን ተቀብላ መንገድ ጀመረች። ሻጯ እትዬ መልስዎን ብላ እስክትጠራት መልስ መርሳቷን አላወቀችም። ተኝቶ ነበር ማለታቸውን ችላ ነበር። በልቷል ማለታቸው ግን ደረቷ ላይ ተቀመጠ። ወንድሟ ሲኒማ ቤቶች የሚሰጡትን ነጻ መግቢያ እንኳ አይቀበልም። የራሱንም የእሷንም ትኬት ከፍሎ ነው የሚገባው። አንድ ጊዜ አንድ ፊልም ሠሪ አበባ ይዞ ቤት ድረስ ቢመጣ፣ በሩ ላይ አቁሞት አበባው ለሚስትህ ይሁን ብሎ መልሶታል። ሰው ደረቅ ነው ይለዋል። ኩሩ ነው ይለዋል። ጥቁር መነጽሩን ቤት ውስጥም ስለማያወልቅ ባለመነጽሩ እያሉ ያሙታል። ጉቦ በላ ያለው ሰው ግን እስከዛሬ አልነበረም። ያስባለችው ደግሞ እሷ ናት።

ቤታቸው ፎቅ ላይ ያለ ሁለት ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል የጎረቤት ግድግዳና የልብስ ማስጫ ገመድ ይታያል። የወንድሟ ክፍል ግድግዳ ድሮ በሰበሰባቸው የፊልም ማስታወቂያዎች የተሸፈነ ነው። እሱ አያያቸውም፣ እሷ ግን አቧራቸውን ትጠርጋለች። ዓይኑ የጠፋው በአንድ ቀን አይደለም። መጀመሪያ ፊደል ጠፋ። ቀጥሎ የሰው ፊት ጠፋ። አሁን የቀረው ብርሃንና ጨለማን መለየት ብቻ ነው፣ ስክሪኑ ሲነጋና ሲመሽ ያውቃል። ሐኪሞቹ ተስፋ አልሰጡትም። እሱም ለማንም አልተናገረም። የማያይ ሰው ስለ ፊልም ቢያወራ ማን ይሰማዋል። ሌላ ሥራ አያውቅም፣ በሕይወቱ የሠራው ፊልም አይቶ መናገር ብቻ ነው። ስለዚህ እህቱን፣ ባሏ ሞቶ ብቻዋን የቀረችውን፣ ከእኔ ጋር ኑሪ አላትና መጣች። ከዚያ ወዲህ ሲኒማ የሚገቡት ሁለት ሆነው ነው።

ቦታቸው የመጨረሻው ረድፍ፣ ግድግዳው ጥግ ነው። እሷ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ በስክሪኑ ላይ የምታየውን በሹክሹክታ ትነግረዋለች። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ምን ያዘ፣ ወዴት አየ። እንዴት እንደምትናገር ያስተማራት ራሱ ነው። አዘነ አትበይኝ፣ ምን እንደሚያደርግ ንገሪኝ፣ ማዘኑን እኔ እደርስበታለሁ ይላታል። ንግግሩንና ሙዚቃውን በራሱ ጆሮ ይሰማል። ቤት ሲመለሱ መብራት ሳያበራ ተቀምጦ ያስባል። በሳምንቱ ሬዲዮ ጣቢያ ሄዶ ያሰበውን ይናገራል። ሲናገር ወረቀት አለመያዙን እንደ ትልቅ ችሎታ ይቆጥሩለታል።

ስትገባ ተላጭቶ፣ ኮቱን ለብሶ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጧል። አገጩ ላይ ምላጭ ያልነካው ጥቂት ፀጉር ቀርቷል። ዳቦው ስንት ገባ አላት። ያው ነው፣ አንሷል እንጂ አለችው። ሬዲዮ ጣቢያው ደውሎ ነበር አላት። የሰዓት ሠሪውን ፊልም የሠራችው ልጅ መልስ ልስጥ ብላ ጠይቃ ዛሬ በቀጥታ ሥርጭቱ ላይ ፊት ለፊት ልትገጥመው ነው። አዘጋጁ ይከብድዎት ይሆን ጋሼ ብሎ ጠይቆት ኖሯል። ወንድሟ ደስ ብሎታል። ሲከራከር ነው ዕድሜው የሚቀንሰው። ሻይ እስክታፈላለት ድረስ ባለፈው ሳምንት የተናገረውን ደግሞ እያነሳ ያሳምር ጀመር። ያቺ ልጅ ከዓይነ ስውር ጋር አንድ ምሽት ተቀምጣ አታውቅም። ሰውየው ድኖ እያየ እንኳ ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች በተለያየ ጊዜ ይደውላሉ፣ ሰዓቶቹን ማስተካከል የረሳች ምን ፊልም ሠሪ ናት። ዓይን በእንባ የሚድን ቢሆን፣ አለና የቀረውን ሳይጨርስ ሻዩን ጠየቀ።

ሻዩን ከፊቱ አስቀመጠች። ዳቦውን ቆረሰችለት። እሷ አልበላችም። ከታች አንድ ሰው ምንጣፍ ያራግፋል፣ ዱላው በየተራ ይሰማል። ዱላው እስኪያቆም ጠበቀች።

«ፊልሙ እኔ እንደነገርኩህ አያልቅም» አለች።

ብርጭቆውን ሊያስቀምጥ የሳህኑን ጠርዝ በጣቱ ፈለገ። አግኝቶ አስቀመጠ። «እንዴት ነው የሚያልቀው?»

«አይድንም።»

 ምንጣፉን የሚያራግፈው ሰው እንደገና ጀመረ። ከዚያ፣ ድምፁን ሳያነሳ፣ ለምን አላት።

«ጠየቅኸኝ እኮ። ይድናል ወይ አልከኝ።»

እውነቷን ነው። አብረው ሲኒማ መግባት ከጀመሩ ወዲህ ገና ስላልታየ ነገር ጠይቋት አያውቅም። ቀድሞ ማወቅ ፊልምን መስረቅ ነው ይላል። ያን ቀን ግን ሰዓት ሠሪው የሰዓቱን ጥርስ በጣቱ እየዳሰሰ ሲፈልግ፣ ወንድሟ ወደ እሷ ዘንበል ብሎ ይድናል? አላት። ድምፁ የባለመነጽሩ ድምፅ አልነበረም። ልጅ ሆኖ ታሞ ሳለ፣ መርፌው ያማል ወይ ብሎ ሲጠይቃት የነበረው ድምፅ ነው። ያን ጊዜ አያምም ትለው ነበር። በጨለማው ውስጥ ሳታስብ አዎ ይድናል አለችው። ፊልሙ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። እሷም አንዴ ተናግራለችና መመለስ አልቻለችም። በሹክሹክታዋ ሐኪም አመጣች። ፋሻ ፈታች። የልጅ ልጁን ፊት አሳየችው። ከፊታቸው የተቀመጡት ሰዎች ሲያለቅሱ ወንድሟ ሰምቶ፣ የደስታ እንባ ነዋ፣ ቀላል ነገር ብሎ አጉረመረመ። ያን ዕለት ማታ ቤት ተመልሶ ከወትሮው ለረዘመ ጊዜ ጨለማው ውስጥ ተቀመጠ። ደስ ይለዋል ብላ ነበር። በሬዲዮ ሲናገር ስትሰማው ነው እንደተሳሳተች ያወቀችው።

«ሌላስ?» አላት።

ሌላ የለም አለች። እሱ ጠበቀ። መጠበቅ ያውቅበታል። ጠረጴዛው ላይ የወደቀውን ፍርፋሪ በመዳፏ ሰበሰበች፣ መልሳ በተነችው፣ ከዚያ አንድ በአንድ መናገር ጀመረች።

የጦርነቱን ፊልም አነሳች። ወታደሮቹ ቤቱ ውስጥ ሲገቡ እሷ ዓይኗን ጨፍናለች። ገቡ ብላ ነገረችው፣ ድምፁ ሲበርድ ዓይኗን ገልጣ ወጡ አለችው። እሱ በሬዲዮ፣ ካሜራውን በር ላይ አቁሞ ሞትን አለማሳየት ትልቅ ድፍረት ነው ብሎ ነበር። ፊልሙ ግን ሁሉን አሳይቷል፣ እንደ ሥጋ ቤት። ሰው በዚያ አስተያየት ወር ሙሉ ተከራከረ፣ ካሜራው ባያየው ይሻል ነበር ለማለት ነው ያለው ተባለ። ቀጥላ የበረሃውን ፊልም አነሳች። ያ ፊልም ረጅም ነበር። አንድ ሰው ይሄዳል፣ አሁንም ይሄዳል። እሷ ሄደ፣ ሄደ ስትል ሰልችቷት አንዲት ውሻ ጨመረችበት። ወንድሟ ውሻዋን ወደዳት። የፊልሙ ነፍስ ውሻዋ ናት አለ። አድማጩ ውሻዋን ቢፈልግ አጣት፣ ግን ሐያሲ የሚለው ነገር ሁልጊዜ አይገባም ብሎ ዝም አለ። አንዳንዱም እሷኑ ፍለጋ ሁለተኛ ገባ። የአስቂኙ ፊልም ጊዜ ደግሞ ሳቋ አላናግር ብሏት ከግማሹ በላይ ምንም አልነገረችውም። እሱም ያን ሳምንት፣ ሰው ከልቡ ሳቀ፣ ሌላ የምለው የለኝም ብሎ ጨረሰ። ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም ምንም ያልተጨመረበት።

«የፍቅሩስ?» አላት። በጣም የሚወደው ፊልም እሱ ነበር። ሁለት ሰዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሲነጋገሩ ብቻ የሚያሳይ ፊልም፣ አንድ መሳሳም የሌለበት፣ በዚህ ዘመን ይህን ያህል ጨዋነት ከየት ተገኘ ብሎ አሞግሶታል። ወጣቶቹ ሲያሾፍ ነው ብለው ቀልዱን በየመንደሩ አዞሩለት።

እህትየው ዓይኗን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ወንድሜ አጠገብ ተቀምጬ ምን ልበል? ይነጋገራሉ አልኩህ።»

«ብዙ ጊዜ ነው የተነጋገሩት?»

«ብዙ ጊዜ» አለች።

የከንፈሩ ጫፍ ተንቀሳቀሰ። ሊስቅ ነው ብላ ጠበቀች፣ አልሳቀም። መነጽሩን አውልቆ ዓይኖቹን በጣቶቹ አሸ። ያለ መነጽር ፊቱ የሌላ ሰው ነው የሚመስላት። «እንግዲህ ይህን ሁሉ ጊዜ ያወራሁት ስላንቺ ፊልሞች ነዋ» አለ። ጥቂት ቆይቶም፣ «የሰዓት ሠሪው መጥፎ ነበር» አለ። ከዚያ ተነሺ አላት። ልጅቱ ፊት ከመቅረቡ በፊት ፊልሙን ሊያየው ነው። ሊያየው የሚለውን ቃል ነው የተጠቀመው።

ከሰዓት በኋላ በሚታየው ገቡ። ትኬት ቆራጩ ከሩቅ ነው ያወቃቸው። እሷን ከወንድሟ ተለይታ ስለማያያት ጥላ ብሎ ስም አውጥቶላታል። «እትዬ ጥላ፣ ዛሬ ደግሞ ልትረግሙት ነው ወይስ ልትታረቁት?» አላት። የትኬት ዋጋ መጨመሩን፣ ሰውም ዋጋ ሲጨምር ቤቱ መቀመጥን እንደሚመርጥ እያጉተመተመ ቆረጠላቸው። ፊልሙ ዛሬ የመጨረሻው ነው፣ ከነገ ጀምሮ መኪና የሚገለባበጥበት ይገባል አለ። አዳራሹ እርጥብ ምንጣፍ ይሸታል። ሁለት ፍቅረኞች መሀል ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት ደግሞ አንድ ሰው የገበያ ዘንቢሉን ጭኑ ላይ አድርጎ እንቅልፍ ወስዶታል። እንደ ልማዳቸው ጥጋቸውን ያዙ።

በዚህኛው ጊዜ ምንም አልዘለለችም። ሰዓት ሠሪው ሱቁ ውስጥ ነው፣ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ ሰክቷል፣ ያወልቀዋል፣ ይጠርገዋል፣ ይመልሰዋል። የሚጠርገው የቆሸሸ መስሎት ነው። ደንበኛ ይመጣል፣ ደንበኛ ይቀራል። ልጁ መጥቶ መሣሪያዎቹን በሣጥን ይሰበስባል፣ ለማትሠራበት ምን ያደርግልሃል ይለዋል። ሽማግሌው አይከለክለውም። እያንዳንዱ መሣሪያ ሣጥን ውስጥ ሲወድቅ ድምፁን እየሰማ ስሙን ይናገራል። ወንድሟ እዚህ ላይ እጁን ከክንዷ ላይ አነሳ። እሷ ቀጠለች። መጨረሻው ላይ ሱቁ ባዶ ነው፣ ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች ብቻ ቀርተዋል። ጊዜያቸውን የሚያስተካክል የለም። ሽማግሌው ባዶ ጠረጴዛው ፊት ተቀምጦ ሳለ አንደኛው ሰዓት ይደውላል። ያ ሲያበቃ ሌላው ይደውላል። ከዚያ ሌላው። ሽማግሌው ራሱን ወደ እያንዳንዱ ያዞራል። የትኛው ትክክል እንደሆነ አያውቅም። ከዚያ ማዞሩን ይተዋል። እሷም ይህን ሁሉ ነገረችው። ሰዓቶቹ ጨርሰው ሲያበቁ መብራት በራ።

የተኛው ሰውዬ ነቅቶ ዘንቢሉን ይዞ ወጣ። ወንድሟ አልተነሳም። «ሰዓቶቹን ያን ዕለትም ሰምቻቸው ነበር» አላት። «የሚያይ ሰው ሰዓቶቹ እንዲህ አይጮሁበትም። ጆሮዬ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን አንቺን አመንኩ።» በቁጣ አልተናገረውም። ቢቆጣ በወደደች። መጥረጊያ የያዘች ሴት በወንበሮቹ መሀል እየገፋች መጣች፣ እግራችሁን ስትላቸው ተነሱ።

ሬዲዮ ጣቢያው ድረስ በታክሲ ሄዱ። መንገዱ ተዘግቶ ታክሲው ይቆማል፣ ይሄዳል። ሾፌሩ ስለ ነዳጅ አወራ፣ አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ስለ ኪራይ መለሰለት። እሷ እኔ ልናገር፣ ጥፋቱ የኔ ነው ልትል አፏን ከፈተች። ወንድሟ ልትናገር መሆኑን ከትንፋሿ አወቀ። «አንቺ አንድ ቃል እንዳትተነፍሺ» አላት።  ስቱዲዮው ጠባብ ኮሪደር መጨረሻ ላይ ያለ፣ ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ ክፍል ነው። በመስታወት ማዶ ድምፅ የሚቆጣጠረው ቴክኒሻን ይቀመጣል። እህትየው ሁልጊዜ የምትጠብቀው እሱ ዘንድ ነው። እሱም ወንበር ይስብላታል። አዘጋጁ፣ ወጣትና ጨዋ ልጅ፣ ወንድሟን እንደ ትልቅ ሰው በአክብሮት ክንዱን ደግፎ ወደ ውስጥ አስገባው። ፊልም ሠሪዋ ቀድማ ተቀምጣለች። ቀጭን ናት፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ አስራዋለች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛለች። ለሰላምታ አልተነሳችም።

ሙዚቃው አለቀ። አዘጋጁ በለመደው የደስታ ድምፅ ዛሬ የጋለ ክርክር እንደሚኖር ለአድማጩ ነግሮ ለወንድሟ ዕድሉን ሰጠ። ወንድሟ መነጽሩን አወለቀ። ቴክኒሻኑ ቀና አለ። በዚያ ቤት ያለ መነጽር ያየው ሰው አልነበረም።

«ዓይኔ አያይም» አለ። «ከጀመረው ቆይቷል። ባለፈው ሳምንት የዚችን ልጅ ፊልም ያየሁ መስዬ ሰደብኩ። የተናገርኩት መጨረሻ ፊልሙ ውስጥ የለም። ሰዓቶቹን ማስተካከል ረሳች ያልኩትም ሐሰት ነው። አልረሳችም። ማንም አልከፈለኝም፣ በልቷል የሚል ካለ አልበላሁም። ጥፋቱ ግን ከመብላት አይሻልም።»

አዘጋጁ ወደ ቴክኒሻኑ አየ። ቴክኒሻኑ እጁን በሙዚቃው ቁልፍ ላይ አድርጎ ጠበቀ፣ አልተጫነውም። ታዲያ ያን መጨረሻ ከየት አመጡት ጋሼ ብሎ አዘጋጁ ቀስ ብሎ ጠየቀ። እህትየው ከወንበሯ ተነሳች። መስታወቱ ጋ ቀርባ ቆመች። በማዶ ወንድሟ ዝም ብሏል። በሬዲዮ ዝምታ ረጅም ነው። በየቤቱ ያለ ሰው መሣሪያው ተበላሸ እንዴ ብሎ ቁልፍ መነካካት ይጀምራል።

«ራሴ ነኝ የፈጠርኩት» አለ። «እንዲድን ፈልጌ ነበር።»

እህትየው ተመልሳ ተቀመጠች። ቴክኒሻኑ አያትና ብርጭቆ ውኃ ወደ እሷ ገፋ አደረገላት።

ልጅቱ እስከዚያ ድረስ ቦርሳዋን አልለቀቀችም ነበር። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ሰዓት ሠሪው አባቷ መሆኑን ተናገረች። ፊልሙን የሠራችው ከእሱ ጋር ሱቁ ውስጥ ስትቀመጥ ካየችውና ከሰማችው ነው። ባለፈው ሳምንት አባቷ ይህን ፕሮግራም ከመስኮቱ ሥር ሆኖ ሲሰማ ነበር። ስለ ልጁ ሥራ ሊነገር ነው ብሎ ጎረቤት ጠርቶ ነበር። ከዓይነ ስውር ጋር አንድ ምሽት ተቀምጣ አታውቅም የሚለውን ሁሉም አብረው ሰሙ። ጎረቤቶቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ሄዱ። አባቷ ሬዲዮውን አጥፊው አላት። ከዚያ ወዲህ ስለ ፊልሙ አንድ ቃል አልጠየቃትም።

«ፊልሙ ነገ ይወርዳል» አለች። «እውነቱን የተናገሩት ዛሬ ነው። ለማን ነው የተናገሩት?»

«ለአባትሽ» አለ። «ከሰማ።»

«ሬዲዮ መስማት ትቷል።»

ወንድሟ ከዚህ በኋላ ለራሱ አልተከራከረም። የቀረውን ሰዓት ስለ ፊልሙ ተናገረበት። መሣሪያዎቹ ሣጥን ውስጥ ሲወድቁ ስለሚሰማው ድምፅ፣ ሽማግሌው እያንዳንዱን በስሙ ስለመጥራቱ፣ ሰዓቶቹ እርስ በርስ ስለመካሰሳቸው። ይህን ፊልም ዓይን ካለው ሰው ይልቅ እንደ እኔ ያለ ሰው ሊሰማው ይገባ ነበር፣ እኔ ግን አልሰማሁትም አለ። ሁልጊዜ የሚያምረው አነጋገሩ ዛሬ አላማረም። ቃል እየጎደለው ይቆም ነበር። አዘጋጁ አብራችሁን ስለቆያችሁ እናመሰግናለን ብሎ ሙዚቃ አስገባ። ከዚያ ወደ ወንድሟ ጎንበስ ብሎ፣ ኃላፊዎቹ በዚህ ሳምንት ይደውሉልዎታል አለው። ወንድሟ ገብቶኛል አለው። አልደወሉለትም፣ እንደማይደውሉለትም ሁለቱም ያውቁ ነበር። ወንድሟ ተነስቶ ኮቱን ቆለፈ። የልጅቱ ድምፅ ይመጣበት ወደነበረው ወገን ዞሮ ቀኝ እጁን ዘረጋ። እጁ እዚያ ቆየ። ከዚያ ወደ ኪሱ ገባ። እህትየው ይህን በመስታወቱ አየች። ልጅቱንም አየች።

ወደ መንገድ ሲወጡ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር፤ ሰው ከሥራ ወጥቶ መንገዱን ሞልቶታል። መነጽሩን አላደረገም። ከሱቅ የሚወጣ አንድ ሰው ትከሻውን ገፍቶት ዓይንህ አያይም እንዴ ብሎ አለፈ። ወንድሟ አያይም ብሎ መለሰለት፣ ሰውየው ግን ርቆ ነበር። ነገ ምን እንደሚሠሩ አልተነጋገሩም። ቤቱ በእሱ ደመወዝ እንደሚኖር ሁለቱም ያውቃሉ። የእሷ ጡረታ ከዳቦና ከሻይ አያልፍም። ዋናው መንገድ ጋ ሲደርሱ እርምጃውን ቀነሰ።

«እጄን ስዘረጋ ወጥታ ነበር?» አላት።

ወጥታ ነበር ማለት አንድ ትንፋሽ ነው። ያን ቢሰማ ቤት ድረስ በሰላም ይሄዳል፣ ሌሊቱንም ይተኛል። እህትየው የሚጠብቀውን ፊቱን አየች። ብርሃኑ ወደ ነበረበት ወገን ዞሯል። አገጩ ላይ ጠዋት የቀረው ፀጉር አሁንም እንዳለ ነው።

«አልወጣችም» አለች። «ፊት ለፊትህ ቆማ ነበር። እጅህን አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ ሄደች።»

«ፊቷስ?»

«ደረቅ ነበር። ይቅር ያለ ሰው ፊት አይደለም።»

በአጠገባቸው አውቶቡስ ሰው ጭኖ አለፈ፣ ከኋላው ሌላ። ሰዎች ከግራና ከቀኝ እየታከኳቸው ወደ ጠርዙ ተጠጉ። እሱም ክንዷን ፈልጎ ያዘና የመሻገሪያው መብራት ምን ላይ እንዳለ ጠየቃት።

ቀይ ነው አለችው። ቆመ።